ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ? በቦሎቄ የሚሠራ የቤት ሙከራ ከሀ እስከ ፐ

ጎረቤቴ በረንዳዬ ላይ የተደረደሩትን የተቆረጡ ጀሪካኖች አየችና «ምነው፣ ቦሎቄ ልትነግድ ነው እንዴ?» አለችኝ። እንኳን ልነግድ፣ ከሁሉም ተክል የለቀምኩት ተደምሮ ለአንድ ቀን ወጥ የሚበቃው በመከራ ነው። እኔ የምፈልገው ፍሬውን ሳይሆን መልሱን ነበር። አንዱ ተክል ቶሎ አብቦ ቶሎ ይሞታል፤ ሌላው ቀስ ይላል። አንዱ ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ያፈራል፤ ሌላው ጥቂት ትልልቅ። ይሄ የሚወሰነው በዘሩ ነው ወይስ በበቀለበት ቦታ?

«ሁለቱም» ማለት ቀላል ነው። የቱ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ መመሪያ ለዚያ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ቦሎቄ፣ የተጣለ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ሚዛን፣ ደብተርና ሦስት አራት ወር ትዕግሥት ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ለአንድ ክፍል ተማሪ ልክ የሚሆን ሥራ ነው።

ከመጀመራችን በፊት፦ የተክል ደመወዝ

ተክል የሚተዳደረው በደመወዝ ነው በሉት። ገቢው ብርሃን፣ ውሃና ከአፈር የሚያገኘው ንጥረ ነገር ነው። ወጪው ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ። ለፍሬ ያዋለውን መልሶ ለሥር ሊያውለው አይችልም። ሳይንቲስቶች ይህን ትሬድኦፍ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ፣ ሁለት ወዶ አይሆንም ነው ነገሩ።

ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ የሄደ ሰው ጅብራን ያውቃል። ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና አንድ ቀን ያንን ረጅም የአበባ ምሰሶ ያወጣል። ከዚያ ይሞታል። ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ድግስ ጨረሰ ማለት ነው። እንሰትም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ይሞታል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ለፍሬ ሊውል የተጠራቀመውን ስንቅ ቀድሞ ይወስድበታል። ቆጮና ቡላ የምንለው ያ ስንቅ ነው። ቡና ደግሞ ድግሱን በየዓመቱ ይደግሳል፣ ግን እኩል አይደለም። አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ጊዜ ያርፋል።

እነዚህን ቤት ውስጥ መፈተሽ አይቻልም። ጅብራን ለመጠበቅ ዕድሜ ይጠይቃል። ቦሎቄ ግን በወራት ይጨርሳል።

ለምን ቦሎቄ?

የመጀመሪያው ምክንያት ታሪክ ነው። ዊልሄልም ዮሐንሰን የሚባል ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ሥራ በቦሎቄ ላይ ነበር። ከአንድ ተክል የወጡ ትልልቅና ትናንሽ ፍሬዎችን ለይቶ ዘራ። የሚቀጥለው ትውልድ ፍሬ ግን በአማካይ ልዩነት አልነበረውም። አንዱ ፍሬ ትልቅ፣ ወንድሙ ትንሽ የሆነው በዘሩ ሳይሆን ባጋጠመው ሁኔታ ነበር። «ጂን» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣውም እሱ ነው። እኛ ዘረመል የምንለው።

ይህ ሊሠራ የቻለው ቦሎቄ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያራባ ነው። አበባው ከመከፈቱ በፊት ጉዳዩን ጨርሷል። ስለዚህ ከአንድ ተክል የተለቀሙ ፍሬዎች በዘረመል መንትያ ናቸው ለማለት የቀረቡ ናቸው። በበቆሎ ይህን ብትሞክሩ ነፋሱ ሁሉንም ያደባልቅባችኋል።

ሁለተኛው ምክንያት ልዩነቱ በግልጽ መታየቱ ነው። ቦሎቄ ጥንት ለማዳ የሆነው በሁለት ቦታ ለየብቻ ነው፦ በመካከለኛው አሜሪካና ሜክሲኮ አካባቢ፣ እንዲሁም በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች። ከመጀመሪያው የመጡት ባብዛኛው ፍሬያቸው ትንሽ ነው፤ ከአንዲስ የመጡት ትልቅ። በባለሙያዎች አመዳደብ 100 ፍሬ ከ25 ግራም በታች ከመዘነ ትንሽ፣ ከ40 ግራም በላይ ከመዘነ ትልቅ ይባላል። ሁለቱም ዓይነት ጉሊት ላይ ጎን ለጎን ተሰፍሮ ይገኛል።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ቦሎቄ ሐረግ እየጣለ ይወጣል፤ አንዳንዱ አጭር ሆኖ ይቆማል። የዱር ዘመዱ ሐረግ ነው። አጭር የሚያደርገው ፊን የሚባል የዘረመል ለውጥ ሲሆን፣ የግንዱ ጫፍ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ በአበባ እንዲዘጋ ያዛል። ጫፉ ከተዘጋ ተክሉ ወደ ላይ መሄዱን ያቆማል፣ ያለውን ባንዴ ያፈራል፣ ይደርቃል። ሐረጉ ግን እያበበም ቅጠል ያወጣል። አንድ ዘረመል የአንድን ተክል የሕይወት ዕቅድ እንዲህ ሲለውጥ ማየት ከመጽሐፍ ሥዕል በላይ ያስተምራል።

1. ዘር መምረጥ

ከጉሊት ወይም ከእህል በረንዳ ሁለት ዓይነት ግዙ። ለምሳሌ ትንሹን ነጭና ትልቁን ቀይ። ከሁሉ የሚሻለው ከገበሬ ወይም ከዘመድ ጓሮ ከአንድ ተክል ብቻ የተለቀመ ማግኘት ነው። ካልተገኘ ቀለሙም ቅርጹም አንድ የሆነውን ምረጡ። ውጭ አገር ያላችሁ ዘር በሻንጣ ማመላለስ አያስፈልጋችሁም፤ ኬላ ላይ ይያዛል። በአቅራቢያችሁ ሱፐርማርኬት ያለው ደረቅ ቦሎቄ ይበቅላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዋሽንግተን ሰኔ ላይ 15 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አንዳንድ የሞቃት አገር ሐረግ ቦሎቄ ቀኑ ሲረዝምበት አላብብም ብሎ እስከ መከር ቅጠል ብቻ ያወጣል። እዚያው የተመረተውን ግዙና ተገላገሉ።

ከእያንዳንዱ ዓይነት 100 ፍሬ ቆጥራችሁ መዝኑና ጻፉ። የመጀመሪያው ቁጥራችሁ ይህ ነው። የተቀደደ፣ የተነቀዘ፣ የተሸበሸበ አስወጡ። ከቀረው መካከለኛ መጠን ያላቸውን ብቻ ለዘር ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የምትዘሩት ፍሬ ራሱ እናቱ የሰጠችውን ስንቅ ይዟል። ጥሩ መሬት ላይ ያደገች እናት ስንቁን ታወፍራለች። አንዱ ዓይነት ከለም መሬት፣ ሌላው ከጠፍ መሬት ከመጣ፣ «ዘሩ ነው» ያላችሁት የእናቱ ኑሮ ሊሆን ይችላል። ጊዜ ካላችሁ ሁለቱንም ዓይነት መጀመሪያ አንድ ቦታ አብቅላችሁ፣ ከዚያ የተገኘውን ፍሬ ለሙከራው ተጠቀሙ። እኔ ይህን አንድ ዙር ዘልዬ ነበር፤ በኋላ ቆጨኝ።

2. ዕቃና አፈር

15 ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ 10 ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ። ሁሉንም አናታቸውን ቁረጡ፣ ሥራቸውን በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱ። ሰፊው ዕቃ ጥጋብ፣ ጠባቡ ችጋር ነው። አካባቢን የምንለውጠው በዚህ ብቻ ነው።

አፈሩን በየዕቃው ለየብቻ አታዘጋጁ። ሁሉንም በአንድ ክምር ደባልቁ፦ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ግማሽ እጅ የበሰበሰ ፍግ። ከዚያ ሙሉ። ፍግ አታብዙ። ቦሎቄ በሥሩ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅን ከአየር ያገኛል፣ በምላሹ ስኳር ይከፍላቸዋል። አፈሩ በናይትሮጅን ከጠገበ ክፍያውን ያቋርጣል። ያም ራሱ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ግን ለሌላ ዙር።

3. ዕጣ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይንቀዋል። እኔም ንቄው ነበር። የመጀመሪያ ዙሬ ላይ ለዓይን እንዲያምር ብዬ ጀሪካኖቹን በግራ፣ ሃይላንዶቹን በቀኝ ደረደርኩ። ግራው ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ቀኙ ከግድግዳው ጥላ የሚወጣው አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። ሦስት ወር ሙሉ የለካሁት ፀሐይን ይሁን ዕቃን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁሉንም ጣልኩት።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ከ1 እስከ 25። በወረቀት ቁጥሮቹን ጻፉና አጥፋችሁ ባርኔጣ ውስጥ ጨምሩ። እንደ ዕቁብ ዕጣ አውጡ። የወጣው ቁጥር ተራውን ቦታ ይይዛል። በየሳምንቱ እሑድ ደግሞ ቦታቸውን አቀያይሩ። ሐረጉ ድጋፍ ላይ ከተጠመጠመ በኋላ ማንቀሳቀስ ስለሚያስቸግር ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን እንጨት ትከሉለት። ለአጭሩም ጭምር። ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ የለም።

ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ትንሹ ቦሎቄ በጀሪካን 5፣ በሃይላንድ 5። ትልቁ ቦሎቄም በጀሪካን 5፣ በሃይላንድ 5። የቀሩት 5 ጀሪካኖች ለደረጃ 6 ናቸው። እነሱ ላይ ሐረግ የሚጥለውን ዓይነት ዝሩ። የቱ ሐረግ እንደሚጥል ከፍሬው ማወቅ አይቻልም፤ ሻጯን ጠይቁ ወይም ቀድማችሁ ሁለት ሦስት ፍሬ ሞክሩ።

4. መዝራትና ማጠጣት

ቦሎቄ ውርጭ አይችልም። ደጋ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ይጎዳዋል። እኔ አዲስ አበባ ላይ የካቲት መጀመሪያ እዘራለሁ፤ ክረምቱ ሳይከብድ ይደርሳል። በየዕቃው ሁለት ፍሬ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ሲበቅሉ አንዱን ንቀሉ። የቱን? ሁልጊዜ በስተቀኝ ያለውን። «ደካማውን» ካላችሁ ሳታውቁት እየመረጣችሁ ነው።

ውሃ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለሁሉም እኩል ኩባያ ብትሰጡ ጠባቡ ዕቃ ቶሎ ይደርቃል። ያን ጊዜ የለወጣችሁት ሁለት ነገር ሆነ፦ የሥር ቦታም ውሃም። ስለዚህ መለኪያው ጣት ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ከሥሩ እስኪያንጠባጥብ አጠጡ። ሃይላንዱ ምናልባት በየቀኑ፣ ጀሪካኑ በሁለት ሦስት ቀን ይሆናል። ክሽክሽ ከታየ በጣት ጠርጉት፣ ወይም በቀጭን የሳሙና ውሃ እጠቡ። አንዱን ዕቃ ካጠባችሁ ሁሉንም እጠቡ።

5. ደብተሩ

የተዘራበት ቀን ዜሮ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተክል እነዚህን ጻፉ፦ የበቀለበት ቀን፣ የመጀመሪያው አበባ የተከፈተበት ቀን፣ የመጀመሪያው ዛላ የደረቀበት ቀን (ፍሬው የሚቀመጥበትን ልባስ ዛላ እያልኩ ነው)፣ ተክሉ ሙሉ በሙሉ የደረቀበት ቀን። የእኛ ካላንደር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ የካቲት 10 የተዘራ መጋቢት 28 ካበበ 48 ቀን ነው፤ ጣት አያስቆጥርም። ክረምት ላይ የምትዘሩ ብቻ ጳጉሜን እንዳትረሱ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 6 ቀን ናት።

አበባ ሲረግፍ አትደንግጡ። ቦሎቄ ከሚያወጣው አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ፍሬ ሳይዝ ይጥላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ የተክሉ በጀት ቅነሳ ነው። መጀመሪያ ብዙ ያቅዳል፣ ገቢውን ያያል፣ የማይችለውን ይሰርዛል። ጊዜ ያላችሁ የረገፉትን ቁጠሩ፤ የችጋር ዕቃው ብዙ ሲሰርዝ ታያላችሁ።

ቅጠልም ይረግፋል። ተክሉ በጠቅላላ ምን ያህል እንዳመረተ ማወቅ ከፈለጋችሁ የየአንዳንዱን ቅጠል በየራሱ የወረቀት ከረጢት አጠራቅሙ። አሰልቺ ነው። ግን ያለዚህ «ከገቢው ስንት እጁን ለፍሬ አዋለ?» የሚለውን መመለስ አይቻልም። ሰነፍ ቀን ላይ ያላችሁ ይህን ዝለሉት፣ የቀረው ይሠራል።

6. አምስቱን መቅጣት

የተለዩት 5 ጀሪካኖች ላይ የሚደረገው ቀላል ነው። አበባ ባወጡ ቁጥር ቀንጥሱ። ለአምስት ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ። ከዚያ ተዉአቸው።

ፎሶሊያ የሚያመርት ሰው ይህን ያውቀዋል። ፎሶሊያም ያው ቦሎቄ ነው፣ እሸቱ የሚበላ ዓይነት። እሸቱን ቶሎ ቶሎ የለቀሙለት ተክል ማፍራቱን ይቀጥላል፤ ዛላው ላዩ ላይ እንዲበስል የተተወው ግን ያረጃል። ምክንያቱ የበሰለው ፍሬ ከቅጠሉ ናይትሮጅን ይስባል፣ የእርጅና ምልክትም ይልካል። ተክሉ ቅጠሉን አፍርሶ ለልጆቹ ያወርሳል እንደማለት ነው። አበባቸው የተቀነጠሰው አምስቱ ከወንድሞቻቸው በላይ አረንጓዴ ሆነው መቆየት አለባቸው። ዘሩ ያው፣ ዕቃው ያው፣ አፈሩ ያው። የተለየው የመውለድ ወጪ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኔ ከሙከራው ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ይህ ክፍል ነው። ቦታ አጥሯችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

7. መልቀምና መመዘን

አጭሩ ዓይነት ባንድ ሰሞን ይደርቃል። ሐረጉ ግን ከታች ያለው ዛላ ደርቆ ከላይ ገና ያብባል። የደረቀውን በየጊዜው ልቀሙና ቁጥሩ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ክተቱ። ካልሆነ ይፈነዳና ፍሬው በረንዳው ላይ ይበተናል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ዛሬና ከሁለት ቀን በኋላ መዝናችሁ ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቁጥር፦ የፍሬ ብዛትና የፍሬው ጠቅላላ ክብደት። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉ የአንድ ፍሬ አማካይ ክብደት ይመጣል። ሚዛኑ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚያነብ ይሁን። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል ብላችሁ አትሟገቱኝ፤ 4 ግራምን 5 የሚል ሚዛን ሙከራውን ይገድለዋል።

ልጆች የሚቆጥሩላችሁ ከሆነ ጥሬ ቦሎቄ እንዳይበሉ ንገሯቸው። በተለይ ቀዩ በደንብ ካልተቀቀለ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። መመዘኑንም አታቆዩት። ነቀዝ ዳታ ይበላል።

8. ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ከትክክለኛ ቁጥር የተሳሳተ ድምዳሜ የሚያወጣው።

ለማሳያ ቁጥር ልፍጠር። ከእናንተው ጋር እንዲገጥም አትጠብቁ። ትንሹ ቦሎቄ በጀሪካን በአማካይ 60 ፍሬ፣ አንዱ 0.20 ግራም፤ በሃይላንድ 25 ፍሬ፣ አንዱ 0.18 ግራም። ትልቁ ቦሎቄ በጀሪካን 24 ፍሬ፣ አንዱ 0.45 ግራም፤ በሃይላንድ 11 ፍሬ፣ አንዱ 0.36 ግራም።

ትንሹን ቦሎቄ ብቻ ተመልከቱ። ጀሪካን ውስጥ ያለው ብዙም አፈራ፣ ፍሬውም ተለቅ አለ። «ታዲያ ብዛትና ትልቅነት አይሻሙም» ልትሉ ነው። ቆይ። 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው ኪራይ ሲጨምርበት ከምግቡ ይቀንሳል። ሰፈሩን ሙሉ ዞራችሁ ብትጠይቁ ግን ብዙ ኪራይ የሚከፍለው ሰው ለምግብም ብዙ የሚያወጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኪራይና ምግብ ስለማይሻሙ አይደለም። የደመወዝ ልዩነት ሽሚያውን ስለሸፈነው ነው። አሪ ቫን ኖርድቪክና ኸርዲን ደ ዮንግ የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ይህንኑ ነጥብ እ.ኤ.አ. በ1986 በሂሳብ አስቀምጠውታል። ሰው ከሰው በገቢ ብዙ ከተለያየና በአከፋፈል ብዙም ካልተለያየ ሽሚያው ከዓይን ይሰወራል።

ስለዚህ ሽሚያን ለመፈለግ ጥጋበኛውን ከችጋረኛው አታወዳድሩ። በአንድ ዕቃ ውስጥ ግቡ። ጀሪካን ብቻ፦ ትንሹ 60 ፍሬ በ0.20፣ ማለትም 12 ግራም። ትልቁ 24 ፍሬ በ0.45፣ ማለትም 10.8 ግራም። ቦርሳው ተቀራራቢ ነው፣ አከፋፈሉ ግን ሌላ። አንዱ በብዙ ሳንቲም፣ ሌላው በጥቂት ድፍን ብር ዘረዘረው። አከፋፈሉን የወሰነው በዋናነት ዘረመል ነው። የቦርሳውን ውፍረት የወሰነው ደግሞ ዕቃው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አካባቢ አከፋፈሉንም ይነካል። በምሳሌዬ ውስጥ ትንሹ ቦሎቄ ሲቸገር ብዛቱን ከግማሽ በላይ ቀነሰ፣ የፍሬውን ክብደት ግን 10 በመቶ ብቻ። ትልቁ ብዛቱንም ከግማሽ በላይ፣ ክብደቱንም 20 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱም ችግሩን በዋናነት በብዛት ነው የከፈሉት። ይህ በእውነተኛ ተክሎችም የተለመደ ነው፤ ቁጥር ይዋዥቃል፣ የፍሬ ክብደት ይጸናል። ግን ሁለቱ ዓይነቶች እኩል አልጸኑም።

ይህን በወረቀት ሣሉት። አግድም መስመሩ ላይ ሁለት ቦታ፦ ሃይላንድ፣ ጀሪካን። ቁሙ መስመር የፍሬ ክብደት። የእያንዳንዱን ዓይነት ሁለት ነጥቦች በመስመር አገናኙ። ሁለቱ መስመሮች ትይዩ ከሆኑ ዘረመልም አካባቢም ሠርቷል፣ ግን አንዱ ሌላውን አልነካም። አንዱ ይበልጥ ካዘነበለ ወይም ከተሻገሩ፣ ለተመሳሳይ ችግር ሁለቱ ዘሮች የተለያየ ምላሽ አላቸው። ይህ መስመር ሪአክሽን ኖርም ይባላል። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ሪቻርድ ቮልተሬክ ነው፣ ያውም ዮሐንሰን «ጂን» ባለበት በዚያው በ1909። ቮልተሬክ ያጠናው ቦሎቄ ሳይሆን የውሃ ቁንጫን ነበር። የአበባ ቀንንም፣ የዕድሜ ርዝመትንም በዚሁ መንገድ ለየብቻ ሣሉ።

ልዩነቱ እውነት ይሁን አጋጣሚ እንዴት ይታወቃል? ኮምፒውተር አያስፈልግም። አምስቱን ከአምስቱ አወዳድሩ። የአንዱ ወገን ትንሹ ቁጥር ከሌላው ወገን ትልቁ ከበለጠ፣ ማለትም ምንም ካልተደራረቡ፣ ያ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ126 አንድ ጊዜ ነው። 10 ቁጥሮችን አምስት አምስት ለመክፈል 252 መንገድ አለ፤ ሙሉ በሙሉ የሚለያዩት በሁለቱ ብቻ ነው። ከተደራረቡ «አልተረጋገጠም» ብላችሁ ጻፉ። ሙከራችሁ ከሸፈ ማለት አይደለም።

9. ጓደኛ ካላችሁ

አዳማ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ከዚያው ዘር፣ ከዚያው አፈር ክምር ጭምር ላኩለት። ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ሁሉንም ያፋጥናል። ጥያቄው ሁለቱንም ዘር እኩል ያፋጥናል ወይ ነው። ክላውሰን፣ ኬክና ሂሲ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ሰፋ አድርገው ሠርተውታል። አንዱን ተክል ቆራርጠው ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቀው ስታንፎርድ፣ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ማዘርና 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ቲምበርላይን ተከሉት። የቆላው ዓይነት ተራራው ጫፍ ላይ ፍሬው ሳይደርስ ብርዱ ይቀድመው ነበር። የእኛም ገበሬ ዝናቡ ሲዘገይ የረጅም ጊዜውን ማሽላ ትቶ ቶሎ ወደሚደርሰው ወይም ወደ ጤፍ የሚዞረው በዚሁ ስሌት ነው። ቶሎ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በጥሩ ዓመት ያነሰ ምርት ይሰጣል። ዝናቡ ቶሎ ሲቆም ግን ጎተራ የሚገባው እሱ ነው።

10. ዘሩን መልሶ መዝራት

ቦሎቄውን ባትበሉት ደስ ይለኛል። ከትንሹ ቦሎቄ በሃይላንድ የበቀለውንና በጀሪካን የበቀለውን ፍሬ ለየብቻ አስቀምጡ። በሚቀጥለው የካቲት ሁለቱንም በጀሪካን ዝሩ፣ አምስት አምስት፣ እንደገና በዕጣ። ቡቃያው ላይ ምናልባት ትንሽ ልዩነት ታያላችሁ፤ የችጋር እናት ልጅ ስንቁ ቀጭን ነው። የሚለቀመው ፍሬ ግን በአማካይ እኩል ሊመዝን ይገባዋል። ካልመዘነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ከጉሊት ስትገዙ አንድ ዓይነት ያላችሁት ቦሎቄ ድብልቅ እንዳይሆን ነው።

ፖስታው ላይ የእናቱን ዕቃ ቁጥር በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ፀሐይ ላይ ይጠፋል።